ቱርጁማኑ አናጢ

ሀዋሳ ገና አዋሳ በምትባልበት ዘመን፣ እኔም ትንሽ ሴት ልጅ ሳለሁ፣ ከቤታችን ጀርባ የአንድ አናጢ ግቢ ነበር። አናጢው አባባ ባራሳ ይባላሉ። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲነሳ የዓሣ ሽታ ይመጣብናል፤ ከእሳቸው ግቢ በኩል ሲነሳ ደግሞ የዝግባና የጽድ ፍቅፋቂ ሽታ ቤታችንን ይሞላዋል። አመሻሽ ላይ መላጊያቸውን ካስቀመጡ በኋላ የቀኑን ፍቅፋቂ በአሮጌ የብረት ሳፋ ሰብስበው ይለኩሱታል። የሰፈሩ ልጆች ዙሪያውን እንቀመጣለን፤ ጭሱ ወደ እኛ ሲዞር እኛም ቦታ እየቀየርን፣ ዓይናችንን እያሸን፣ ፍሙ ቀልቶ ፊታቸውን እስኪያሳየን እንጠብቃለን።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበረ እናቶቻችን ሰማዩ ገና ደንገዝገዝ ሲል ስማችንን እየጠሩ ሊሰበስቡን ይጀምራሉ። ስለዚህ አባባ ባራሳ ተረታቸውን ከመጀመሪያው አይጀምሩም ነበር፤ ሁልጊዜ ከመሃል፣ ነገሩ ከከረረበት ቦታ ነው የሚነሱት። ያኔ ተረት ሁሉ እንዲህ የሚነገር ይመስለኝ ነበር።

የጅቡንም የቀበሮውንም ያውቃሉ። እኛ ግን የምንለምናቸው የጣልያኑን ጊዜ ነበር፤ ምክንያቱም አባባ ባራሳ በጣልያን ጊዜ ቱርጁማን ነበሩ። ቱርጁማን ማለት አስተርጓሚ ማለት እንደሆነ የነገሩን እሳቸው ናቸው። ጎረምሳ ሳሉ ጣልያኖቹ መንገድ ሲሠሩ ለድልድዩ እንጨት እንዲጠርቡ ተይዘው ተወሰዱ። ጆሯቸው ፈጣን ስለነበረ በአንድ ክረምት ቋንቋውን ለመዱት። አንድ ቀን አንድ መኮንን እንጨት ከሚጠርቡት መካከል ጠርቶ አወጣቸውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው ከበቅሎው ጎን እንዲሄዱ ተደረገ። መኮንኑ የሚለውን በሲዳምኛ ለሕዝቡ፣ ሕዝቡ የሚለውን በጣልያንኛ ለመኮንኑ።

«እስቲ አባባ፣ ጣልያንኛ ይናገሩልን!» እንላቸዋለን።

«እናንተስ ትናገሩ የለም እንዴ?» ይሉናል እየሳቁ። ከዚያ መሣሪያቸውን አንድ በአንድ ያነሱታል። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ካቻቪቴ!»

«ይሄስ?»

«ፒንሳ!»

«በሉ እንግዲህ፣ ጣልያንኛ አወቃችሁ። ወደ ቤታችሁ ሂዱ።»

ከዚያ ያለፈ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ተረቱ ላይ መኮንኑ ሲናገር እንኳ በአማርኛ ነበር የሚያናግሩት። አንድ ምሽት ከእኛ መሃል አንዱ ልጅ፣ ቤቱ የሰማውን ይዞ መጥቶ ነው መሰለኝ፣ «አባባ፣ ቱርጁማን የነበረ ሰው ባንዳ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። አባባ ባራሳ እሳቱን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉና፣ «‹ባንዳ›ም ‹ባንዲራ›ም ጣልያን ትቶልን የሄደው ቃል ነው፤ አንዱን ስንሰማ እንቆማለን፣ አንዱን ስንሰማ እንተፋለን» አሉ። ከዚያም፣ ልጁን ሳይቆጡት፣ የገበያውን ቀን ተረት ጀመሩልን።

ብዙ ጊዜ የሰማሁት እሱን ተረት ነው። ቦታው በደጋው አገር፣ የሳምንት ገበያ ላይ ነው። አርበኞች በአካባቢው ጫካ ውስጥ ነበሩና፣ ጣልያኖቹ ሕዝቡ ስንቅ እንደሚያቀብላቸው ጠርጥረዋል። መኮንኑ በበቅሎው ላይ ሆኖ ለምክትሉ በቀስታ ሲናገር አባባ ባራሳ ሰሙት፤ ወንዶቹን በጨው አታልሎ ወደ ምሽጉ ሊያስመጣቸውና እዚያው ሊያስራቸው፣ ከዚያም ወንድ የሌለበትን መንደር ሊያቃጥል ነው። ቀጥሎ ወደ ሕዝቡ ዞረና ጮክ ብሎ፣ «ነገ ጧት ወንዶቹ ሁሉ ምሽጉ ድረስ ይምጡ፤ መንግሥት ጨው ያድላቸዋል ብለህ ንገራቸው» ሲል አባባ ባራሳን አዘዛቸው።

እዚህ ላይ ሲደርሱ አባባ ባራሳ ብድግ ይሉ ነበር። ፍሙ ከሥር እያበራላቸው፣ እጃቸውን ገበያው ላይ እንደቆመ ሰው ዘርግተው፣ በሲዳምኛ ያሉትን በአማርኛ ይደግሙልናል።

«ወገኖቼ፣ ነገ ጧት ጨው እሰጣችኋለሁ ይላል። ያዘጋጀላችሁ ግን ገመድ ነው። ማናችሁም ፊታችሁን እንዳትቀይሩ። እናቶች፣ ደስ እንዳላችሁ ሁናችሁ እልል በሉ። ከዚያ ዛሬውኑ ከነልጆቻችሁ፣ ከነከብቶቻችሁ ጫካ ግቡ።»

ሴቶቹም እልል አሉ። ሞታቸው ተነግሯቸው እልል አሉ። መኮንኑ ፈገግ አለ። ከዚያ ግን ፈገግታው ቆመና ወደ አባባ ባራሳ ዝቅ ብሎ፣ «እኔ የተናገርኩት አጭር ነው፤ አንተ ለምን ይህን ያህል አስረዘምከው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«የእነሱ ቋንቋ ረጅም ነው ጌታዬ» አሉት።

ከበቅሎው በስተቀኝ አንድ ዓስካሪ ቆሞ ነበር። ለጣልያን የተቀጠረ ወታደር ነው፤ የአካባቢውን ሴት አግብቶ ሲዳምኛ እንደለመደ አባባ ባራሳ ያውቃሉ። ያሉትን ሁሉ ሰምቷል። መኮንኑ ወደ እሱ ዞረና፣ «እውነቱን ነው?» አለው።

አባባ ባራሳ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ዝም ይላሉ። መልሱን ብናውቀውም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን።

ዓስካሪው ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። «አዎ ጌታዬ» አለ። «በጣም ረጅም ቋንቋ ነው።»

በማግሥቱ ጣልያኖቹ መንደሩ ሲደርሱ ያገኙት ባዶ ጎጆ ብቻ ነበር። አባባ ባራሳም በዚያችው ሌሊት ጠፍተው ሌላ አገር ገቡ። ዓስካሪውን ዳግመኛ አላገኙትም፤ ስሙንም አያውቁም። «እኔ ተናግሬ አዳንኳቸው፤ እሱ ግን እኔንም እነሱንም አዳነን» ይሉና፣ በዚያው የእናቶቻችን ጥሪ ይመጣል።

እናቴ በከተማው ዳር ባለች አንዲት ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል የምታጥብ የሕክምና ረዳት፣ ነበረች። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትምህርት በማይኖርበት ቀን እናቴ እኔን ይዛኝ ትሄድ ነበር። ያን ጊዜ የምሥራቁ ጦርነት ተፋፍሟል። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ማርሽ ያሰማል። ከየገጠሩ ለሚሊሺያ የተወሰዱት ገበሬዎች አንዳንዶቹ ቆስለው መመለስ ጀምረው ነበርና፣ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ሲሞሉ ወደ እናቴ ክሊኒክም ይመጡ ነበር። ከእነሱም ጋር አንድ የኩባ ሐኪም መጣ። ጸጉሩ የተጠቀለለ፣ እጅጌውን ሁልጊዜ የጠቀለለ፣ ሲራመድ የሚቸኩል ሰው ነበር። የእሱን ቋንቋ የተማረ አንድ ወጣት እያስተረጎመለት ይሠራ ነበር፤ ወጣቱ ግን ወባ ጣለውና አልጋ ያዘ።

ችግሩ የጀመረው ያኔ ነው። ላላሞ የሚባል ቁስለኛ ነበር። ከደጋው የመጣ፣ ከሲዳምኛ በስተቀር ሌላ ቋንቋ የማያውቅ ሰው ነው። ጭኑ ውስጥ የፈንጂ ፍንጣሪ ቀርቶ እግሩ አብጧል። ሐኪሙ ሊመረምረው ሲጠጋ ይጮሃል፤ አንድ ቀን የውኃ ጣሳ አንስቶ ወረወረበት። ሲዳምኛ የሚችሉ ሰዎች በክሊኒኩ ሞልተዋል፤ ሐኪሙ የሚለውን ግን የሚሰማ የለም። ሐኪሙ ቢጨንቀው ጣቱን በላላሞ ጭን ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬደ፤ ፍንጣሪው ያለበትን ማሳየቱ ነበር። ላላሞ የገባው ግን «ከዚህ ላይ እቆርጠዋለሁ» የሚል ነው። ከዚያ ወዲያ እህልም አልቀምስ አለ።

እናቴ ይህን ሁሉ ማታ ቤት መጥታ ነገረችን። ከዚያም፣ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ፣ ቢላዋዋን ይዛ ቀና አለች።

«ዛሬ ደግሞ ቁስል እያጠብኩ ሳለ ዶክተሩ እጁን ዘርግቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ፒንሳ› አለኝ። መቆንጠጫዋን ሰጠሁት። ልክ ነበርኩ!»

«ፒንሳማ የአባባ ባራሳ ነው» አልኳት።

እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ነጠላዋን ከግድግዳው ላይ አነሳችና እኔን አስከትላ በጓሮው በር ወጣች።

አባባ ባራሳ ገና ከፍሙ አጠገብ ነበሩ፤ ልጆቹ ሁሉ ሄደዋል። እናቴ ነገሩን አስረዳቻቸው። የኩባው ቋንቋና ጣልያንኛው እህትማማች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ፣ ቢሞክሩት እንደሚግባቡ ነገረቻቸው።

«አልችልም ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

«ለምን አባባ? ረሱት?»

«ምነው በረሳሁት።» ከዚያ ለእኛ ለልጆቹ ነግረውን የማያውቁትን ተረት፣ በጣም አጭር አድርገው፣ ለእናቴ ነገሯት። ያን ጊዜ ጫካ ውስጥ ከነበሩት አርበኞች አንዱ ታላቅ ወንድማቸው ነበር። እሱ ያየው ወንድሙ ከጣልያን በቅሎ ጎን ሲሄድ ነው፤ በገበያው ቀን አልነበረም። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ሽማግሌ ቢላክበት፣ የዳኑት ሰዎች ራሳቸው ሄደው ቢመሰክሩላቸው፣ «የጠላቴን ቋንቋ የተናገረ አፍ ወንድሜ ብሎ አይጠራኝም» ብሎ በሩን ዘጋ። እንደዘጋውም ሞተ። «በቀብሩ ላይ ቆሜ፣ ያ ቋንቋ ዳግመኛ ከአፌ አይወጣም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። እሱ ባይሰማኝም የምሰጠው ሌላ ነገር አልነበረኝም።»

እናቴ ሐዘን ሲነገራት ለማጽናናት የማትቸኩል ሰው ነበረች። ፍሙ ሲንጣጣ ይሰማኛል።

«አባባ፣» አለች ቆይታ፣ «ሰውየው ሲተኛ እናቱን ይጠራል። በሲዳምኛ ነው። እኔ ሲዳምኛ ስለማውቅ ይገባኛል፤ ዶክተሩ ደግሞ ምን እንደሚል በዓይኑ ይጠይቀኛል። መሃላቸው ቆሜ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።»

አባባ ባራሳ ፍሙን በአመድ ማዳፈን ጀመሩ። እኛም ተነሥተን ሄድን። ጧት ግን ወደ ክሊኒኩ ስንወጣ በራችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። ባርኔጣቸውን አድርገዋል፤ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰዋል።

እኔ የተቀመጥኩት በረንዳው ላይ፣ ከተከፈተው መስኮት ሥር ነበር። በመስኮቱ የላላሞ አልጋ ይታየኛል። ሐኪሙ መጣ፤ እናቴ በምልክት አስተዋወቀቻቸው። አባባ ባራሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ። አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። እንደገና ከፈቱትና፣ «ቦን ጆርኖ» አሉ።

ሐኪሙ ክው አለ። ከዚያ ቃላቱ እንደ ዝናብ ወረዱ። አባባ ባራሳ እጃቸውን አንስተው፣ ቀስ በል፣ ቀስ በል አሉት። እሱም ገባው፤ ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው አንድ በአንድ ማስቀመጥ ጀመረ። አንዳንዱ ቃል ሲመጣ ይስማማሉ፤ አንዳንዱ ሲመጣ ሁለቱም ግራ ይገባቸውና በእጅ ይተረጉሙታል፤ ሲሳሳቱ ይሳሳቃሉ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ፣ በተረት ብቻ የማውቀው ቋንቋ በእውን ሲነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። የመኮንን ቋንቋ አይመስልም ነበር። የሁለት ደካማ ሰዎች ቋንቋ ይመስል ነበር።

ላላሞ ግን በጥርጣሬ ያያቸዋል። «ይህ ነጭ ምን ይፈልጋል? እርስዎስ የማን ወገን ነዎት?» አላቸው በሲዳምኛ።

አባባ ባራሳ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊትም ተጠይቀውታል። አጎንብሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና፣ «ዛሬ የእግርህ ወገን ነኝ» አሉት።

ሐኪሙ ማስረዳት ጀመረ። ፍንጣሪው መውጣት አለበት። ዛሬ ነገ ከተባለ መርዙ ወደ ደም ይገባና ሰውየው ይሞታል። ሊቆርጠው አይፈልግም፤ ሊከፍተውና ሊያጸዳው ነው የሚፈልገው።

«እግሩ ይድናል?» ብለው ጠየቁት አባባ ባራሳ።

ሐኪሙ መለሰላቸው። እሳቸውም ወደ ላላሞ ከመዞራቸው በፊት ለእናቴ በአማርኛ፣ «ይድናል ብዬ አስባለሁ፤ ቃል መግባት ግን አልችልም፤ ከከፈትኩት በኋላ አጥንቱ ተበላሽቶ ካገኘሁት እቆርጠዋለሁ ነው የሚለው» አሏት።

እናቴ ደነገጠች። ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ እባክዎ እንዲህ አይበሉት!» አለቻቸው። «በርግጥ ይድናል ብለው ይንገሩት። እንቢ ካለ ይሞታል እኮ! በጣልያን ጊዜ ነገር ለውጠው ያን ሁሉ ሰው አድነው የለም?»

አባባ ባራሳ ቀና ብለው አዩዋት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ያኔ የዋሸሁት ለገዳዩ ነው፤ ለሚሞቱት እውነቱን ነው የነገርኳቸው።»

ከዚያ ወደ ላላሞ ዞሩ። ሐኪሙ ያለውን አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት፤ እናቴ ኋላ ቃል በቃል ስትደግምልኝ ኖራለች። ሊያድነው እንደሚያስብ። ርግጠኛ እንዳልሆነ። የጣቱ ምልክት ፍንጣሪውን ማሳየቱ እንጂ መቁረጫውን ማመልከቱ እንዳልነበረ። ሊቆርጠው ግድ የሚሆንበት ነገር ሊመጣ እንደሚችል።

ላላሞ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች። ሐኪሙ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያያል።

«ቃል አልገባም ነው ያለው?» አለ ላላሞ።

«ቃል አልገባም ነው ያለው።»

«ወደ ጦር ሜዳ ሲወስዱኝ ሁሉም ቃል ገብተውልኝ ነበር» አለ ላላሞ። «በክረምት ትመለሳለህ አሉኝ። መሬትህን ጎረቤት ያርስልሃል አሉኝ። ይሄኛው የማያውቀውን አላውቅም ካለ ይሥራ። አንድ ነገር ግን አለ አባቴ፤ ስነቃ ከጎኔ እርስዎ ይሁኑ። ቆርጦትም ከሆነ ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

«እሆናለሁ» አሉት።

አባባ ባራሳ ያን ቀን ምሳም አልበሉ። ከበረንዳው ከእኔ ጋር ተቀምጠው፣ ከኪሳቸው ያወጡትን አንዲት የእንጨት ቁራጭ በሰንጢ ሲቀርጹ ቆዩ፤ ምንም ቅርጽ አልወጣትም፤ ቀጥና ቀጥና አለቀች። ጥላው ሲዞር ሐኪሙ ወጣ። ፊቱ በላብ ታጥቧል። ለአባባ ባራሳ አንድ ነገር ተናገረና ትከሻቸውን ጨበጥ አድርጎ ወደ ውኃው በርሜል ሄደ። አባባ ባራሳ ለእኔም ለእናቴም አልነገሩንም። ቀጥ ብለው ገብተው አልጋው አጠገብ ቆሙ።

ላላሞ ዓይኑን ሲገልጥ ወደ ታች ለማየት አልደፈረም። የሳቸውን ፊት ብቻ ያይ ነበር።

«አለ» አሉት።

ላላሞ እጁን ሰደደና ጉልበቱን ነካ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ መድረስ ስላልቻለ፣ አባባ ባራሳ አጎንብሰው የእግሩን አውራ ጣት ያዙለት። ላላሞ አለቀሰ። እናቴም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስንመለስ ብዙ አልተነጋገርንም። ጀልባዎቹ እየገቡ ነበር፤ ራሰ በራዎቹ ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ መንገዱን ዘግተውብን ቆምን። አባባ ባራሳ እነሱን እያዩ፣ «ወንድሜ አንድ ጊዜ ቆሞ ቢሰማኝ ኖሮ» አሉ። እናቴ ክንዳቸውን ያዘች። ጥቂት ቆዩና፣ «ላላሞ ግን ሰማኝ» አሉ፤ መንገዳችንንም ቀጠልን።

ያን ቀን አመሻሽ ልጆቹ እንደ ወትሮው መጡ። ፍቅፋቂ ስላልነበረ ደረቅ ቅርንጫፍ ሰብስበን ለኮስን። ተረት ሲጠየቁ አባባ ባራሳ ደክሟቸው ነበርና ወደ እኔ ጠቆሙ። «ዛሬ እሷ ታውራ፤ ከመስኮቱ ሥር ሆና ሁሉን ሰምታለች።» እኔም ተነሣሁ። እንደሳቸውም ከመሃል ጀመርኩት፤ ላላሞ ጣሳውን ከወረወረበት ቦታ። በአንድ ስፍራ ላይ ሐኪሙን ከእውነተኛው ይበልጥ ላስቆጣው ስል፣ «አልተቆጣም፤ ፈርቶ ነበር» ብለው አረሙኝ። ከዚያ በቀር አላቋረጡኝም። ጭሱ ፊቴን ሲመታኝ እንኳ ቦታዬን አልቀየርኩም።

ከዚያ ወዲህ አባባ ባራሳ ወጣቱ አስተርጓሚ ከወባው እስኪያገግም ወደ ክሊኒኩ ተመላለሱ፤ ካገገመም በኋላ መሄዳቸውን አልተዉም። ለላላሞ ከወይራ ምርኩዝ ሠሩለት። አንደኛው እግሩ ትንሽ አጥሮ ቀረ እንጂ፣ በራሱ እግር ወደ ደጋው አገሩ ገባ። መኸር ሲደርስ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ቅቤ ተሸክሞ፣ እያነከሰ፣ አባባ ባራሳ ቤት መጣ። አጋጣሚ ሆኖ ሐኪሙም ያን ዕለት ሊሰናበታቸው መጥቶ ነበር፤ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። ሦስቱም በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ አባባ ባራሳ መሃል ሆኑ። ሐኪሙ ቆጮውን ቀመሰና ረጅም ነገር ተናገረ። ሲጨርስ ዓይኑ ውኃ ሞላ።

«ምን አለ?» አለ ላላሞ።

«ትንሽ ልጅ አለችው። ሲመጣ ጥርስ አልነበራትም፤ አሁን ትናገራለች ብለው ጽፈውለታል። ድምጿን አያውቀውም።»

ላላሞ ቆጮውን አስቀመጠ። «ይንገሩት፤ እኔም ከጦሩ ስመለስ ልጄ አላወቀችኝም። መጀመሪያ ሸሸችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ጭኔ ላይ ወጣች፤ በታመመው በኩል። ዝም ብዬ ቻልኩት ይበሉት።»

አባባ ባራሳም ነገሩት። ሐኪሙ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ላላሞም ሳቀ። በመሃላቸው አባባ ባራሳ፣ የሁለቱም ወገን ቃል በእሳቸው በኩል አልፎ ነበርና፣ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ቆዩ።

አባባ ባራሳ ካረፉ ዘመን ሆነ። ግቢያቸው ላይ ፎቅ ቆሟል። እኔ በዚሁ ከተማ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ነው የምሠራው። ወደ እኛ ዘንድ ከየአቅጣጫው እናቶች ይመጣሉ፤ አንዳንዷ የምትናገረውን ቋንቋ ከእኛ መካከል አንድም የሚሰማ አይኖርም። ሰው እናፈላልጋለን፤ ከጥበቃው፣ ከጽዳቷ፣ ከአስታማሚው። ባለፈው ክረምት የመጣችው ወጣት የምጥ ፍርሃት ይዟት ማንንም አላስጠጋም አለች፤ ሕፃኑ ተገላብጧል፣ ጊዜም የለንም። ቋንቋዋን የምታውቅ አንዲት አስታማሚ ተገኘችና፣ «ምንም አይደለም፣ ቀላል ነው በያት» ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። «ከባድ ነው በያት» አልኳት። «ግን እኔ ከዚህ አልነቃነቅም በያት።»

አስታማሚዋ ነገረቻት። ወጣቷ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ እጄን ያዘችና በራሷ ቋንቋ አንድ ቃል ተናገረች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«እሺ አለች።»

ልጇ ሴት ናት። ስትወለድ የጮኸችው ጩኸት ማንም ሳይተረጉምልን ለሁላችንም ገባን።